ገቢናውን ለባልየው ለቅቄ

ሐምሌ ነው፤ ከደብረ ሲና በታች። አምቡላንሱ አስፋልት ዳር ቆሟል፤ ወደ መንደሩ የሚገባውን ጥርጊያ መንገድ ጭቃ ይዞታል፣ ላንድክሩዘርም አይደፍረውም። ወላዷ በቃሬዛ መጣች። ተሸካሚዎቹ ዳገቱን እየተቀባበሉ ነው የወጡት፤ የአምቡላንሱ መዝገብ ላይ የሚሰፍረው ግን መኪናው የተነሳበት ሰዓት ብቻ ነው። ያሳዝናል።

907 የደወለ የለም፤ እሱ የቀይ መስቀል ነጻ መስመር ነው። የወረዳውን አምቡላንስ የሚጠሩት በሹፌሩ የእጅ ስልክ ነው፤ ባለፍኩባቸው ጤና ኬላዎች በር ላይ ቁጥሩ በማርከር ተጽፏል።

ሌሊቱን ቤቷ ተገላግላለች። እንግዴ ልጁ ወጥቷል፣ ደሙ ግን አልቆመም። ሁሉም ካልገባን አሉ። «አስታማሚ አንድ ብቻ!» አለ ሹፌሩ። አማቷ ሕፃኑን ታቅፈው ገቡ፤ እኔም ገቢናውን ለባልየው ለቅቄ ከኋላ ተቀመጥኩ። የሴላይኑ ማንጠልጠያ ተሰብሯል፤ ከረጢቱን ከፍ አድርጎ መያዝ የእኔ ሥራ ሆነ።

አብራን ያለችው ሲስተር ኦክሲቶሲኑን ከክትባት ሳጥን አወጣች፤ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ካልተቀመጠ ይበላሻል። 10 ዩኒት ጭኗ ላይ ወጋቻትና ከእምብርቷ በታች በመዳፏ ማሸት ያዘች። ማህፀኑ ሲጠነክር ደሙ ይቀንሳል፣ ሲላላ ይመለሳል። «እማማ፣ ሕፃኑን ጡቷ ላይ ያድርጉት፤ ሲጠባ ማህፀኗ ይኮማተራል።» አማቲቱ «ማርያም ድረሺላት» እያሉ አስጠጉት። «አይዞሽ የኔ እናት፣ አትተኚብኝ፣ አናግሪኝ» ትላለች ሲስተር፤ እጇ ግን ከሆዷ አይነሳም።

የአምቡላንስ ሥራ ፍጥነት ይመስለኝ ነበር። ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ጉሙ መንገዱን ውጦታል። ሹፌሩ ሳይረኑን ለቆ ሊነዳ ሲል ሲስተር የገቢናውን መስኮት በክርኗ መታች፦ «ጋሼ፣ ኩርባው ላይ ቀስ! እጄ እየተንሸራተተ ነው!» አዘገመ። ጣልያን የሠራውን ዋሻም በዝግታ አለፍነው። ለእኔ የዚያ ቀን ሕክምና እሱ ነበር፦ ከተራራው አናት ላይ በሚወዛወዝ መኪና ውስጥ አንድ መዳፍ ከቦታው አለመልቀቁ። ደብረ ብርሃን እስክንደርስ ደሙ ወደ ጠብታ ወርዷል፤ የልብ ምቷ ግን ገና 120 ነው።

ሆስፒታሉ በር ላይ ሲስተር ለተረኛው ሐኪም በአንድ ትንፋሽ ነገረችው፦ ስንት ሰዓት ወለደች፣ ምን ያህል ደም ፈሰሳት፣ ምን መድኃኒት በስንት ሰዓት ተሰጣት። ከዚያ ጓንት፣ ሴላይንና ኦክሲቶሲን እንዲተኩላት ጠየቀች። ፋርማሲስቱ የወረዳው ማኅተም ያለበት ወረቀት ካላመጣሽ አለ። ሹፌሩ አልጋውን በበረኪና አጥቦ እስኪጨርስ ስትከራከር ቆይታ፣ አንድ ኦክሲቶሲን ብቻ አግኝታ ወጣች።