በሩን ማስፋት ብቻውን ጉልበት አይሆንም

የመኪናቸው ጉልበት እንዲጨምር በሚፈልጉ ሰዎች ዘንድ የማይሞት አንድ እምነት አለ። ሞተር ብዙ አየር ካገኘ ብዙ ጉልበት ይሰጣል፤ ስለዚህ የአየር መግቢያውን አስፋው! ይህ እምነት ግማሹ እውነት ነው። የቀረው ግማሽ ግን ስንቱን ደህና ሞተር ከጥቅም ውጭ አድርጓል። ለዚህ ቱርቦ እንደተገጠመለት የማዝዳ ሮታሪ ሞተር ጥሩ አስተማሪ የለም።

ሮታሪ ሞተር ወደላይና ወደታች የሚመላለስ ፒስተን የለውም። ሦስት ማዕዘን ያለውና ጎኖቹ ትንሽ ያበጡ ሮተር፣ ወገቡ ገባ ባለ ሞላላ ክፍል ውስጥ እየዞረ አየርና ነዳጅ ይስባል፣ ይጨምቃል፣ ያቃጥላል፣ ጭሱን ያስወጣል። ቫልቭም የለውም። አየሩ የሚገባው ግድግዳው ላይ በተከፈተ ቀዳዳ ነው። ቀዳዳውን የሚከፍተውም የሚዘጋውም በላዩ የሚያልፈው ሮተር ራሱ ነው።

ስለዚህ እዚህ ሞተር ላይ የቀዳዳው ቅርጽ ስፋት ብቻ አይደለም፤ ሰዓትም ነው። አንዱ ጠርዝ ሲሞረድ በሩ ቀድሞ ይከፈታል። ሌላኛው ሲሞረድ ዘግይቶ ይዘጋል። የተሞረደ ብረት ደግሞ ተመልሶ አይለጠፍም።

ጥያቄው የቆየ ነው። ጀርመናዊው ፌሊክስ ቫንክል የፈለሰፈውን ሞተር ኤንኤስዩ የተባለው ኩባንያ ለመጀመሪያ ጊዜ ያስነሳው እ.ኤ.አ. በ1957 ነበር። የሂሮሺማው ቶዮ ኮግዮ፣ ማለትም የዛሬው ማዝዳ፣ በ1961 ፈቃዱን ይዞ ሥራ ጀመረ። በዚያን ጊዜ የጃፓን መንግሥት ትናንሾቹ መኪና አምራቾች ከትልልቆቹ ጋር እንዲዋሃዱ ይፈልግ ነበር። ለማዝዳ ሮታሪ የቅንጦት ሙከራ ሳይሆን ራሱን ችሎ የመኖር ጉዳይ ነበር። ሥራው ለኬኒቺ ያማሞቶና ለ47 መሐንዲሶች ተሰጠ።

ኤንኤስዩ የአየር መግቢያውን ያደረገው ሮተሩን በዙሪያው በሚከበው የውጭ ግድግዳ ላይ ነው። ይህ በር ለከፍተኛ ፍጥነት ግሩም ነው፤ አየሩ ሳይጠማዘዝ ይገባል። ችግሩ፣ የመግቢያውና የመውጫው በር አብረው ተከፍተው የሚቆዩበት ጊዜ ረጅም መሆኑ ነው። የተቃጠለው ጭስ ከአዲሱ አየር ጋር ይቀላቀላል፤ ሞተሩ በሚኒሞ ላይ ይንቀጠቀጣል። የማዝዳ ሰዎች መግቢያውን ወደ ጎን ግድግዳው አዞሩት። ከላይ ጥቂት ጉልበት ሰጥተው ከታች ጸጥታ ገዙ። በ1967 ለገበያ የቀረበው ኮስሞ ስፖርት የዚህ ምርጫ ልጅ ነው።

ቱርቦው ሲመጣ ጥያቄው ተመልሶ መጣ። በ1991 መጨረሻ የወጣው ሦስተኛው አርኤክስ-7 እያንዳንዳቸው 654 ሲሲ የሆኑ ሁለት ሮተሮችና ሁለት ቱርቦዎች ነበሩት። ተጨማሪ ጉልበት የሚፈልግ ሰው ሞተሩን ፈትቶ ግራይንደር ያነሳል። ፊቱ ሦስት መንገድ አለ። የመጀመሪያው ያለውን በር በልክ ማስፋት ነው። ሁለተኛው ከበሩ በላይ የቅንድብ ቅርጽ ያለው ሌላ በር ከፍቶ መሀል ላይ ቀጭን የብረት ድልድይ መተው ነው። ሦስተኛው የጎኑን በር ደፍኖ ወደ ውጭው ግድግዳ መመለስ ነው።

በሦስቱም መንገድ ስህተት ዋጋ ያስከፍላል። በሮተሩ ማዕዘኖች ያሉት ትናንሽ ማሸጊያዎች የጎን ግድግዳው ላይ ተደግፈው ይንሸራተታሉ። ጠርዙ ከመንገዳቸው ካለፈ ድጋፍ አጥተው በሩ ውስጥ ይገባሉ፤ ይሰበራሉ። በጥልቀት የሞረደ ደግሞ ከጀርባው ያለውን የማቀዝቀዣ ውሃ መተላለፊያ ይበሳል። ዳሩ ሲፈታ መሀሉ ዳር ይሆናል የሚባለው እዚህ ጋ ቃል በቃል ነው።

“ቱርቦው አየሩን በግፊት ስለሚያስገባ የሁለቱ በሮች አብሮ መከፈት ችግር የለውም” የሚል ክርክር አለ። ግፊት ግን የሁለት ወገን ጉዳይ ነው። ቱርቦው ከሞተሩ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ከሆነ፣ በፍጥነት ጊዜ ጭሱ መውጫ አጥቶ ይታመቃል። በጭስ ማውጫው በኩል ያለው ግፊት ከመግቢያው ከበለጠ በሰፊው በር የሚገባው አዲስ አየር ብቻ አይሆንም፤ ትኩሱ ጭስ ወደኋላ ይመለሳል። ክፍሉ ይግላል፣ ነዳጁ ያለጊዜው ይፈነዳል፣ የሮተሩ ጫፍ ማሸጊያ ይሰበራል። ስብርባሪው በጭስ ማውጫው ወጥቶ ቱርቦውንም ይመታል። መውጫው የቀለለው ትልቅ ቱርቦ ባለበት ግን ያው በር ጥሩ ሊሠራ ይችላል።

ስለዚህ የሌላውን ሰው በር ቀድቶ መሞረድ ሙከራ አይባልም። ሙከራ አንድ ነገር ብቻ ቀይሮ መለካት ነው። በመግቢያው ብቻ ሳይሆን ከቱርቦው በፊት በጭስ ማውጫው ያለውንም ግፊት፣ ጫፍ ላይ የታየውን ቁጥር ብቻ ሳይሆን ከታች ጀምሮ ያለውንም ጉልበት።

ማዝዳ ራሱ ለአንድ ጥያቄ ሁለት ተቃራኒ መልስ ሰጥቷል። በ1991 ሌ ማንን ያሸነፈው 787ቢ ቱርቦ አልነበረውም። አራት ሮተር፣ በውጭው ግድግዳ ላይ የተከፈተ መግቢያ፣ ሞተሩ እየሠራ ርዝመታቸው የሚለዋወጥ የአየር ቱቦዎችና 700 ገደማ የፈረስ ጉልበት ይዞ በ24 ሰዓት 362 ዙር ሄደ። በ2003 ለመንገድ የቀረበው አርኤክስ-8 ግን የጭስ መውጫውንም ወደ ጎን አዙሮ የሁለቱን በሮች አብሮ መከፈት አስቀረ። የመጀመሪያው ሚኒሞ ላይ ቆሞ መብራት አይጠብቅም፤ ሁለተኛው ይጠብቃል።

ግራይንደሩ ከመነሳቱ በፊት መጠየቅ ያለበትም ይኸው ነው፤ መኪናው የት ነው የሚሄደው? አርኤክስ-7 መመረት ካቆመ ከ2002 ወዲህ ብዙ ዓመት ሆኗል፤ ደህና ግድግዳ ማበላሸት ቀላል ኪሳራ አይደለም። ጥቂት ሞርዶ፣ ለክቶ፣ እንደገና ጥቂት መሞረድ ይቻላል። አብዝቶ ሞርዶ መመለስ ግን የለም።