የሚያውቁትን ማን ጠየቃቸው?

በ1947 ዓ.ም. የአይሁድ ኤጀንሲ አስመራ ላይ ለቤተ እስራኤል (ለኢትዮጵያ አይሁዳውያን) ልጆች አዳሪ ትምህርት ቤት ከፈተ። ብዙም ሳይቆይ 27 ልጆች፣ ወንዶችም ሴቶችም፣ በሁለት ዙር እስራኤል አገር ክፋር ባትያ ወደሚባል የወጣቶች መንደር ተላኩ። የታሰበው ዕብራይስጡንና አስተማሪነቱን ተምረው እንዲመለሱ፣ ከዚያም በየመንደራቸው ትምህርት ቤት እንዲያቆሙ ነበር። ተመለሱም። ሥራውን ገና ሳይለምዱት በ1950 ዓ.ም. አካባቢ ገንዘቡ ተቋረጠ። በጎንደር ገጠር ከተከፈቱት ትምህርት ቤቶች አብዛኞቹ ተዘጉ፤ በአምቦበር መንደር ያለው ሳይዘጋ ቀረ። ከተመለሱት ወጣቶች ብዙዎቹ እንጀራ ፍለጋ ወደ ሌላ ሥራ ተበተኑ።

እኔ በምኖርባት በአርሲዋ አሰላ ቤተ እስራኤል የለም። ከተማዋ ግን መምህራን የሚሠለጥኑባት ናት። የሠልጣኞቹን የትምህርት ዕቅድ ባየሁ ቁጥር የሚያንገበግበኝ የእነዚያ የ27ቱ ነገር ነው። የተወለዱበትን ጎጆ ያውቁታል፤ የተማሩበትን ክፍልም ያውቁታል። አንዲት ልጅ ከእናቷ ጓዳ ወጥታ ዴስክ ላይ እስክትቀመጥ የሚያጋጥማትን ሁሉ በራሳቸው አልፈውበታል። እንዲህ ያለ ሰው በገንዘብ አይገዛም፤ ተገኝቶ ሳለ ግን ተበተነ።

ነገሩ በገንዘብ ብቻ የሚሆን ነበር እንዳይባል ደግሞ ሌላ ምሳሌ አለ። በዓለም ላይ የአይሁድ ሴት ልጆች ትምህርት ቤት ሲነሣ መጀመሪያ የሚጠራው ቤት ያዕቆብ ነው። የጀመረችው ሳራ ሽኒረር የምትባል ልብስ ሰፊ ናት፤ በ1917 እ.ኤ.አ. በፖላንዷ ክራኮው ጥቂት ልጃገረዶችን ሰብስባ። በዚያ ዘመን ወንዶቹ ልጆች የሃይማኖት ትምህርት ቤት ነበራቸው፤ ሴቶቹ አልነበራቸውም። ሳራ ቶሎ የተረዳችው ዋናው ችግር ቤት ሳይሆን አስተማሪ መሆኑን ነው። የመምህራን ማሠልጠኛ አቋቋመች፤ ገና ልጅነታቸውን ያልጨረሱ ወጣት ሴቶችን አሠልጥና ወደየከተማው ላከች፤ የሚያስተምሩበትንም ጽሑፍ ራሷ ጻፈችላቸው። በ1935 እ.ኤ.አ. ስትሞት ትምህርት ቤቶቹ በመቶዎች ይቆጠሩ ነበር። የልብስ ሰፊዋ ሥራ ይህን ያህል ሲደርስ፣ ኤጀንሲ የሚያህል ድርጅት የጀመረው የጎንደሩ ሥራ ከጥቂት ዓመታት በላይ አልዘለቀም።

የዚህ ዕዳ የተከፈለው ቆይቶ ነው። በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል በሙሴ ዘመቻ፣ በ1983 ዓ.ም. ግንቦት 16 እና 17 ደግሞ ከአዲስ አበባ በሰሎሞን ዘመቻ ሕዝቡ ወደ እስራኤል ገባ፤ በሁለተኛው ብቻ ከ14,000 በላይ ሰው። ለአካለ መጠን የተቃረቡት ልጆች በብዛት የሃይማኖት አዳሪ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ተመደቡ። የልጃገረዶቹ መምህራን ቅን ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ፤ ብዙዎቹም ነበሩ። ከፊታቸው የተቀመጠችው ልጅ ከየት እንደመጣች ግን የነገራቸው የለም። 30 ዓመት ቀደም ብሎ የተጀመረው ሥራ ቢቀጥል ኖሮ በእጃቸው ይገባ የነበረው መመሪያ እኮ ረጅም አይደለም።

ልጅቷ ስታነጋግሪያት ዓይኗን መሬት ላይ ትተክላለች። ይህ አክብሮት ነው፤ «ዓይኔን እያየሽ መልሺልኝ» ማለት በታላቅ ፊት ባለጌ ሁኚ ማለት ነው። ገብቶሻል ወይ ስትባል «አዎ» ትላለች፤ አልገባኝም ብላ መምህሯን ማሳፈር ስለማትፈልግ። ስለዚህ በጥያቄ አትፈትኛት፤ ሥራ ስጫትና እጇን እዪ። ስሟን አትቀይሪ። ለብዙዎቹ ገና እንደደረሱ የዕብራይስጥ ስም ተሰጥቷቸው ነበር፤ አባቷ ያወጣላትን ስም በመጀመሪያው ሳምንት የተነጠቀች ልጅ ሌላውን ትምህርት በምን ልቧ ትቀበላለች?

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው የደሙ ነገር ነው። በጎንደር የቤተ እስራኤል መንደሮች ሴት የወር አበባዋ ሲመጣ ከቤቱ ተለይታ በመርገም ጎጆ ትቀመጥ ነበር፤ ሰባት ቀን፣ በሕግ። እዚያ ምግብ ይመጣላት ነበር፤ አብረዋት የሚቀመጡ ሌሎች ሴቶች ይኖሩ ነበር፤ ማንም አይነካትም፤ ውሃ አትቀዳም፤ አትፈጭም ነበር። ውጭ ሆኖ ለሚያየው ግዞት ይመስል ነበር፣ ለልጅቷ ግን ሥርዓት ነበር። አሁን ይህችኑ ልጅ ስምንት አልጋ በተደረደረበት መኝታ ቤት አስቡአት። ጎጆ የለም። ምግብ የምትበላበት ማዕድ የሁሉም ነው። የተቀደሰ መጽሐፍ አምጪ ትባላለች። እምቢ ትላለች፤ ምክንያቱን መናገር ደግሞ ነውር ነው። መምህሯ «አመፀኛ» ብላ ትጽፋለች። አንዲት አማርኛ የምታውቅ፣ ያንን ጎጆ ያየች ሴት እዚያ ግቢ ውስጥ ብትኖር ይህ ሁሉ በአንድ ሹክሹክታ ያልቅ ነበር።

ስለ በዓላቱም እንዲሁ ነው። ቤተ እስራኤል ከኦሪት በኋላ የመጣውን የሐኑካን በዓል አያውቁም ነበር። ሐኑካን የማታውቅ የአይሁድ ልጅ መምህሯን ታስደነግጣለች። መምህሯ በፋንታዋ ስግድን ሰምታ አታውቅም፤ ሕዝቡ ጾሞ ተራራ የሚወጣበትን፣ ቄሶቹ ኦሪት የሚያነቡበትን፣ ስለ ኢየሩሳሌም የሚለመንበትን በዓል። ማን ማንን ያስተምር? እስራኤል ስግድን በሕግ ብሔራዊ በዓል ያደረገችው በ2000 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት በፔታህ ቲክቫ ከተማ አንድ የሃይማኖት ትምህርት ቤት አራት ኢትዮጵያውያን ልጃገረዶችን ከሌሎቹ ለይቶ ለብቻቸው መምህር መድቦ፣ የዕረፍት ሰዓታቸውን ሳይቀር ለይቶ መያዙ ታውቆ አገሩ ተንጫጫ። የሙሴ ዘመቻ ከተደረገ ከ20 ዓመት በላይ አልፎ ትምህርት ቤቶቹ እዚያው ነበሩ ማለት ነው።

እዚህ ላይ እስራኤልን ወቅሶ ማለፍ ይቀላል። እኛስ?

ከአሰላ ወጣ ብሎ ኩሉምሳ አለ፤ የግብርና ምርምር ማዕከሉ። ከዚያ ለሚወጣ የስንዴ ዝርያ የሚስማማው ከፍታ ስንት እንደሆነ፣ ለሄክታር ስንት ኪሎ ዘር እንደሚበቃው፣ መቼ እንደሚዘራ ተጽፎ ለገበሬው ይነገረዋል። ከዲገሉና ጢጆ ወይም ከለሙና ቢልቢሎ ስምንተኛን አልፋ አሰላ ለምትመጣ ልጅ የተጻፈ ነገር ግን የለም። ቤት ተከራይታ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ትኖራለች። ስንቋ ከቤት ይመጣል፤ ጭኮው፣ ቆሎው፣ ዱቄቱ። ገበያ ቀን ከመንደሯ ሰው ስንቅ ለመቀበል መናኸሪያ ትሄዳለች፤ ያን ቀን ከክፍል ትቀራለች። የክፍሏ ኃላፊ መምህር «ቀሪ» ብሎ ይሞላል። በወሩ መካከል ሦስት ቀን የጠፋች እንደሆነ ሞዴስ መግዣ አጥታ መሆኑን ማን ያስብ? ወንድ መምህር መጠየቅ ያፍራል፣ ልጅቷ መናገር ታፍራለች፣ መዝገቡ ግን አያፍርም።

የአርሲ ሴት ከጥንት ሲንቄ አላት። ስትዳር እናቷ የምትሰጣት በትር ናት፤ በደል የደረሰባት ሴት ሲንቄዋን ይዛ ስትወጣ ሌሎቹ ሴቶች ይከተሏታል፣ ሽማግሌም ይቆማል። ስለ ሴት ክብር ይህን ያህል ሥርዓት ባለበት አገር የምታስተምር ወጣት መምህርት፣ የተማሪዋን እናት ወይም አክስት ጠርታ በዚያ ቋንቋ መነጋገር እንደምትችል በሥልጠናዋ ማንም አይነግራትም። የምትሠለጥነው በሞጁል ነው። ሞጁሉ ስለ ሥርዓተ ፆታ አንድ ምዕራፍ አለው፤ የትም አገር ቢወሰድ የሚያገለግል ነው፣ ስለዚህም የትም አያገለግልም።

የሚችል ሰው እንዳለ የአርሲዋ በቆጂ አሳይታናለች። ስንታየሁ እሸቱ የአንደኛ ደረጃ የስፖርት መምህር ነበር። ሯጮቹን ደራርቱ ቱሉንና ጥሩነሽ ዲባባን በልጅነታቸው ያሠለጠነው እሱ ነው። በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ ደራርቱ የኦሎምፒክ ወርቅ ስታጠልቅ ከጥቁር አፍሪካውያን ሴቶች የመጀመሪያዋ ሆነች። ዓለም እየመጣ የሚጠይቀው ስለ ከፍታውና ስለ አየሩ ነው። አንድ መምህር የገጠር ልጃገረድን እንዴት አይቶ፣ እንዴት አበረታቶ ሜዳ ላይ እንደሚያቆያት ከአሰላ ስንት የሒሳብና የእንግሊዝኛ መምህር ሄዶ ጠየቀው?

ከክፋር ባትያ ተማሪዎች በሕይወት ያሉት ዛሬ ሰማንያዎቹን ይዘዋል ወይም አልፈዋል። እኛ ጋ ደግሞ በየዓመቱ ሰኔ ላይ ጡረታ የሚወጡ ሴት መምህራን አሉ፤ ከሳጉሬ፣ ከኢተያ፣ ከሁሩታ። ሠላሳና ከዚያ በላይ ዓመት ሴት ልጆችን አስተምረዋል። የትኛዋ ልጅ በየትኛው ወር እንደምትቀር፣ የትኛው አባት በምን ቃል እንደሚለሰልስ፣ ተጠልፋ የተመለሰች ልጅ ክፍል ስትገባ መጀመሪያ አጠገቧ ማን መቀመጥ እንዳለበት ያውቃሉ። ሽኝት ይዘጋጅላቸዋል። ርዕሰ መምህሩ ይናገራል፣ ጋቢ ይለብሳሉ፣ ፎቶ ይነሣሉ። ፕሮግራሙን የሚመራው ሰው ለእነሱ የሚሰጠው የንግግር ጊዜ አምስት ደቂቃ ነው፤ እሱንም ለምስጋና ነው የሚጠቀሙበት።