ጥርት ያለው ፎቶ ጉድ ሠራኝ

እናንተዬ፣ ስታዲየም አካባቢ ስደርስ ኪሴን የሚያሳክከኝ ነገር አለ። የስፖርት ልብስ እንዳይመስላችሁ፤ ድራፍትም አይደለም። አሮጌ ፎቶ ነው! ከለገሃር በኩል መጥታችሁ ወደ መስቀል አደባባይ ስታዘግሙ፣ አልፎ አልፎ ጥግ ይዘው አሮጌ መጽሐፍ የዘረጉ ሰዎች ታገኛላችሁ። ከመጽሐፎቹ ሥር አንዳንዴ ካርቶን አይጠፋም። ካርቶኑ ውስጥ የማታውቁት ሰው ሰርግ፣ የማታውቁት ልጅ ክርስትና፣ ከቀናችሁም የኳስ ፎቶ።

በዚህ ሰፈር የኳስ ፎቶ ከተባለ ደግሞ አንድ ቀን ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጣል፤ እሑድ፣ ጥር 13 ቀን 1954። ያኔ የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ ትባል የነበረችውን ግብጽን፣ ሁለት ጊዜ ከመመራት ተነስተን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 የረታነው እዚሁ ሜዳ ላይ ነው። ኢታሎ ቫሳሎም አግብቷል፤ የመጨረሻዋን መንግሥቱ ወርቁ። ዋንጫውን ከጃንሆይ እጅ የተቀበለው የኢታሎ ወንድም፣ አምበሉ ሉቺያኖ ነበር። ካታንጋም ተቀመጡ ጥላ ፎቅ፣ ከማን አንሼም ሆነ ሚስማር ተራ፣ ያችን ቀን የማያነሳ ሽማግሌ አጠገባችሁ አይታጣም። ዋንጫውን ደግመን አልበላንማ!

ታዲያ በ2017 መግቢያ ላይ፣ የካዛንቺስ ሰው ዕቃውን እየጫነ በሚወጣበት ሰሞን፣ በአንድ ከሰዓት ያንን ቀን የሚያሳዩ ሁለት ፎቶዎች ገጠሙኝ። አንደኛው ከአንድ ወጣት ነጋዴ ዘንድ፣ በመስታወት ፍሬም የገባ፣ ጥርት ያለ፣ ጠርዙ ምላጭ የመሰለ። ሌላው አጠገቡ ድንጋይ ላይ ከተቀመጡ አንድ አዛውንት እጅ፣ ቡናማ ፖስታ ውስጥ። ቤታቸው ካዛንቺስ ሊፈርስ ስለሆነ ዕቃ እያቀለሉ መሆኑን ነገሩኝ። ፎቶው መሃሉ ላይ ታጥፎ ነጭ መስመር አውጥቷል። አንዱ ጥግ የለም። ወይቧል። ጀርባው ላይ በሰማያዊ ቀለም «ጥር 13/54። ከወንድሜ ጋር የገባን ዕለት» ተጽፎበታል።

አምስት መቶ ብር አሉኝ። እኔ ደግሞ የስታዲየም ልጅ መሆኔ ነው፣ እንከኑን መዘርዘር ጀመርኩ።

«ጋሼ፣ ተጣጥፏል እኮ። ቢጫም ሆኗል። ጀርባውማ ተሞነጫጭሯል። መቶ ሃምሳ ልስጥዎት።»

«የተሞነጫጨረው እኮ የኔ ጽሕፈት ነው ልጄ» አሉኝ። ቁጣ የለ፣ ምን የለ። ፎቶውን ወደ ፖስታው መለሱት። እኔም ባለፍሬሙን በስምንት መቶ ብር ገዝቼ እያፏጨሁ ሄድኩላችሁ።

ጉዱ የመጣው ከሦስት ቀን በኋላ ነው። ቂርቆስ አካባቢ ዕድሜውን ሙሉ በፎቶ ቤት የሠራ ወዳጄ ጋ ወሰድኩት። ከፍሬሙ አወጣው፤ በጣቱ ዳሰስ አድርጎ ሳቀ። «ይሄ ላስቲክ የተቀባ ወረቀት ነው። ለጥቁርና ነጭ ፎቶ የገባው በኛ በ1960ዎቹ ነው። በ54 ከየት መጣ?» ቀጥሎ ማጉያ መነጽር ሰጠኝ። የተጫዋቾቹ ፊት ነጠብጣብ በነጠብጣብ! ከጋዜጣ ላይ ተነስቶ የታጠበ ፎቶ ኖሯል። ሰው ሠራሽ ጥራት!

ስለ አዛውንቱ ፎቶ ስነግረው ጊዜ ግን መሳቁን ተወ። ወደ ብርሃን ዘንበል ስታደርገው ጥቁሩ ቦታ እንደ መስታወት አብለጨለጨ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አዎ፣ አብለጭልጮ ነበር፤ እኔማ ሻጋታ መስሎኝ ነበር። ለካ ፎቶው ላይ ያለው ብር ከዓመታት ብዛት ወደ ላይ ሲወጣ ነው እንደዚያ የሚሆነው። ወርቅ ሻጭ ቢሆን ማኅተሙ ማለት ነው! መወየቡስ? አጣቢው ፊክሰሩን በደንብ ሳያለቀልቀው ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ያ እየባሰ ስለሚሄድ ፀሐይ ላይ አይሰቀልም እንጂ ሐሰተኛ አያሰኘውም። እጥፋቱ ፊት ላይ ካላለፈ ዋጋ ይቀንሳል እንጂ ፎቶውን አይገድለውም። ገዳዩ ሌላ ነው። አገራችን ውስጥ መታወቂያውም፣ ዲፕሎማውም፣ የሟች አያት ፎቶም ላሚኔት ይደረጋል አይደል? በቃ፣ እሱ አይመለስም። ቢያወልቁት ምስሉን ይዞት ይነሳል። ስኮችም ያው ነው፤ ሙጫው ውስጥ ድረስ ይዘልቃል።

በነገራችን ላይ አንድ ዘዴ አስተማረኝ፤ ሱቆች የብር ኖት የሚመረምሩበትን ሰማያዊ መብራት ተጠቀም አለኝ። የ1923ቱ ንግሥ ፎቶ ነው ተብሎ የቀረበ ወረቀት በመብራቱ ስር ቦግ ብሎ ካበራ፣ ኋላ የታተመ ነው። ወረቀት ላይ ያ ማንጫ መድኃኒት መደረግ የጀመረው ከንግሡ ብዙ ዓመት ቆይቶ ነውና። ለ54ቱ ግን አይሠራም፤ ያኔ መድኃኒቱ ገብቷል።

የጠርዙን ነገር ደግሞ አሜሪካኖች ይጠየቁ። የቤዝቦል ተጫዋቾች ፎቶ ያለበት ካርድ ይሰበስባሉ፤ ጥግና ጠርዙን አይተው ከ1 እስከ 10 ማርክ የሚሰጡ ድርጅቶች ሁሉ አሏቸው። እንደ ፈረንጆቹ በ2022 አንድ የ1952 ሚኪ ማንትል ካርድ 12.6 ሚሊዮን ዶላር አውጥቷል! ከሁሉ ስመ ጥሩ ግን ከመቶ ዓመት በፊት ከሲጋራ ፓኮ ጋር ይወጣ የነበረው የሆነስ ዋግነር ካርድ ነው። ከነዚህ አንዱ በጥራቱ ተደንቆ 8 ማርክ አግኝቶ ነበር። በ2013 ግን ቢል ማስትሮ የተባለው ነጋዴ ጠርዙን ቆርጦ እንዳሳመረው ለፍርድ ቤት አመነ። ያ ሁሉ አድናቆት ለመቀስ ኖሯል! የኔም ባለፍሬም ጠርዙ ምላጭ ነበር ብያችሁ የለ?

አምስት መቶ ብር በኪሴ ይዤ ተመለስኩ። ዋጋ አልከራከርም ብዬ ለራሴ ምያለሁ። አዛውንቱ የሉም። በሳምንቱም የሉም። ስምንት መቶ ብሬን የበላው ወጣት እንኳ ያፍራል ስል፣ ጭራሽ እንደ ዘመድ ሰላም አለኝ።

«ሽማግሌው? ገላን ጉራ ሳይገቡ አይቀርም። የሰፈራቸው ሰው ወደዚያ ነው የሄደው።»

«ፎቶውን ሸጠውት ይሆን?»

«እንጃ። ካንተ በኋላ አንድ ሁለት ሰው ጠይቋቸው ነበር። ከፖስታው አላወጡትም።»