ስለ አንድ ቀን የዶቅዶቄ ጉዞ

በዚህ የቤተ ሰብ ገጽ ላይ ብዙ ጊዜ ስለ ሕፃናት አስተዳደግና ስለ ቤት አያያዝ ይጻፋል፤ እኛ ግን ዛሬ ከበኵር ልጃችን ጋራ በዶቅዶቄ የተጓዝንበትን አንድ ቀን ለአንባቢዎች እንናገራለን። ጉዞው ያማረ ነበረ፤ ዳሩ ግን የምንጽፈው ስለ ማማሩ ብቻ አይደለም።

ልጃችን 16 ዓመቱ ነው። በሩቅ ምሥራቅ በቬትናም አገር አባትና እናት ልጆቻቸውን በአንድ ዶቅዶቄ አፈናጥጠው ወደ ገበያና ወደ ትምህርት ቤት እንደሚመላለሱ፥ መንገደኞችም በሰሜኑ ተራሮች መካከል የሩዝ እርሻ ለእርሻ ሲጓዙ እንደሚውሉ በሥዕል ተመልክቶ፥ «አባባ፥ እኛስ የምናየው አገር የለንምን?» እያለ ይጠይቀን ነበረ። መልስ አልነበረንም፤ የምንኖረው በመካኒሳ ነው፥ ከመካኒሳ ወዲያ ያለውን አገር የምናውቀውም በክስ መዝገብ ላይ በተጻፈው የቀበሌ ስም ነው።

በአዲስ አበባ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ በዶቅዶቄ መንቀሳቀስ ልዩ ፈቃድ ለሌለው ሰው ስለ ተከለከለ፥ የባለቤታችን ወንድም የራሱን ዶቅዶቄ ከሚኖርበት ከዓለም ገና ወደ ከተማ አያስገባውም። ለአንድ ቀን ሊያውሰን ፈቀደ። ባለቤታችን ግን እሺ ለማለት ሦስት ሳምንት ፈጀባት። ያጎቷ ልጅ በዚሁ ነገር እግሩ በተሰበረ ጊዜ፥ ዘመዶቿ እንዳትደነግጥ ብለው ሳምንት ሙሉ ደብቀዋት ነበርና፥ ከስብራቱ ይልቅ መደበቁን እስከ ዛሬ አልረሳችውም። ስለዚህ ሁለት ቃል አስገባችን፤ ይኸውም ቀስ ብለን እንድንነዳና ክፉም ሆነ ደግ የደረሰብንን ሁሉ እንድንነግራት ነው።

በጥቅምት ወር በአንድ ቅዳሜ ገና ሳይነጋ ተነሥተን፥ በጀሞ በኩል በታክሲ ዓለም ገና ደረስን። ከዚያ ዶቅዶቄውን ተረክበን፥ ወጨጫን ከኋላችን ትተን፥ ፉሪን በስተ ግራችን አድርገን፥ ወደ ቡታጅራ በሚወስደው መንገድ ወረድን። ብርዱ እስከ አጥንት ይሰማ ነበርና ልጁ ፊቱን ከጀርባችን ለጥፎ ነበረ። በመኪና የሚሄድ ሰው አገሩን በመስተዋት ያያል፤ በዶቅዶቄ የሚሄድ ግን ያሸተዋል። የኩበቱ ጢስ፥ ያበበው የኑግ ማሳ፥ ጤዛ ያረፈበት ጤፍ፥ ሁሉም በየተራው መጥቶ ይቀበላል። ፀሐይ ከፍ ስትል የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም ያለበት የዝቋላ ተራራ በስተ ምሥራቅ ብቻውን ቆሞ ታየን፤ ቆብ ማውለቅ ስለማይቻል ራሳችንን ዝቅ አድርገን ተሳለምን። በቅሎ የተቀመጠ ሽማግሌ ሲመጣም ሞተሩን አጥፍተን ዳር ይዘን ቆምን፤ በቅሎና ዶቅዶቄ እስካሁን አልታረቁምና። ሽማግሌው አመስግነውን አለፉ፥ በቅሎዪቱ ግን ዞራ ዞራ ታየን ነበረ።

ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በአዋሽ ወንዝ አጠገብ ያለችው መልካ ቁንጡሬ፥ ከባልጪት ጋራ በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ ተጽፋለች። ባልጪት የጥንት ሰዎች መሣሪያ ይጠርቡበት የነበረው እንደ ጠርሙስ የሚያብለጨልጭ ጥቁር ድንጋይ የሚገኝባት ስፍራ ናት። ከሁሉ ይልቅ ልባችንን የነካው ግን በ2010 ዓ.ም. ሊቃውንት ያስታወቁት የእግር ዱካ ነገር ነው። ጎምቦሬ በተባለው ስፍራ 700,000 ዓመት ያህል የሆነው ዱካ ተገኝቷል፤ የትልልቅ ሰዎችና የሕፃናት እግር በአንድ ጭቃ ላይ ተቀላቅሎ ይታያል። ትልልቆቹ ድንጋይ ሲጠርቡና የጉማሬ ሥጋ ሲበልቱ ልጆቹ አጠገባቸው ነበሩ ማለት ነው። ይህን በሰማ ጊዜ ልጃችን ጫማውን ከጫማችን አጠገብ በአፈሩ ላይ ተክሎ ለካ። የርሱ በልጦ ተገኘ። እስከዚያ ቀን አላስተዋልንም ነበረ።

ከዚያ አስፋልቱን ለቀን ወደ አዳዲ ማርያም በሚወስደው የኮረት መንገድ ገባን። ልጁ «አባባ፥ ትንሽ ፈጠን እንበል» አለን፤ እኛም የሰጠነውን ቃል እያወቅን፥ በልጃችን ፊት ጎበዝ መስሎ መታየት ደስ ስላሰኘን ፈጠን አልን። በመታጠፊያው ላይ የፊተኛው ጎማ ተንሸራተተና ሁለታችንም ወደቅን። እኛ ከአቧራው በቀር ምንም አልሆንንም፤ የልጁ ሱሪ ተቀዶ ጉልበቱ ተገሽልጦ ደሙ ይወርድ ነበረ። የዶቅዶቄውም መስተዋት ተሰበረ። በአጠገቡ ካለው ቤት አንዲት ባልቴት ውሃ ይዘው ሮጠው መጡና ቁስሉን በገዛ እጃቸው አጠቡለት፤ እኛም የምናውቃትን ጥቂት ኦሮምኛ ሰብስበን አመሰገንናቸው።

አዳዲ ማርያም ከአንድ ዐለት የተፈለፈለች ናት፤ አባቶች የቅዱስ ላሊበላ ሥራ ናት ይላሉ። በጨለማው ውስጥ ግድግዳውን በእጃችን እየዳሰስን ስንሄድ የልጁ የማነከሱ ድምፅ ከኋላችን ይሰማን ነበረ። ስንወጣም ከደጀ ሰላሙ 20 እርምጃ እንኳ ሳንርቅ፥ «እናትህ እንዳትደነግጥ፥ ይህን ነገር አትንገራት» አልነው። «እሺ» አለ፤ ሌላ አልጨመረም።

36ቱን የጢያ ትክል ድንጋዮች ለማየት አስበን ነበር፤ ትተነው ተመለስን። በመንገድ ላይ ልጁ አልተናገረም፥ ፊቱንም ከጀርባችን አላስጠጋም። የባለቤታችን ወንድም ስለ መስተዋቱ ምንም አላለም፤ ዋጋውን ከፈልነው።

ማታ ባለቤታችን የሱሪውን መቀደድ አይታ «ምን ነካው?» ብላ ጠየቀች። ልጁ ዝም ብሎ እኛን ተመለከተ። እኛ «እሾህ ያዘው» አልን። እርሷም በዚያው ሌሊት ሰፋችው።

ሥራችን በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ነው፤ ምስክር ሲቀርብ የመሐላውን ቃል አቅርበን የምናስምል እኛ ነን። በሚቀጥለው ሰኞ አንድ የልጃችን እኩያ የሚሆን ብላቴና ለምስክርነት ቀርቦ እጁን ሲያነሣ፥ ዓይናችንን ከወረቀቱ ማንሣት አልቻልንም።

ይህን ጽሑፍ ለጋዜጣው ከመላካችን በፊት ለባለቤታችን አነበብንላት። ምስር ትለቅም ነበረ፤ እስከ መጨረሻው ሳታቋርጥ ሰማችን። ከዚያም «እኛ፥ እኛ የምትለውን ተወውና፥ ልጁን ዝም በል ያልኸው አንተ ነህ?» አለች።

«እኔ ነኝ» አልናት።

ሰፌዱን አስቀምጣ ልጁን ጠራችው። ብርሃን ወዳለበት ወደ መስኮቱ አስጠግታ አስቀመጠችውና፥ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስባ ጠባሳውን ብዙ ጊዜ ተመለከተችው።