በጆንያችን የሄደው አረም

እኛ ከባቢሌ ለውዝ ገዝተን በጅግጅጋ በኩል ቶጎ ውጫሌ ድረስ የምናደርስ ነጋዴዎች ነን። ነጋዴ ከነጋዴ ሲገናኝ ወሬው ስለ ዋጋ፣ ስለ ኬላና ስለ ምንዛሪ ነው። ዛሬ ግን ስለ አንድ አረም እናውራ፤ ጥፋቱ በከፊል የእኛ ስለሆነ።

አረሙን በመንገዱ ላይ ሁላችሁም ታዩታላችሁ። በአማርኛ ቅንጨ ይባላል፤ ቅጠሉ የተተለተለ፣ አበባው ነጭና ደቃቅ ነው። ሶማሊዎች «ብቻውን የሚኖር» ይሉታል፤ እሱ በበቀለበት ሣር አይተርፍምና። በሐረርጌ ኦሮምኛ ደግሞ ስሙ ፈረምሲሳ ነው። አስፈራሚ ማለት ነው፤ ገበሬውን መሬቱን ፈርሞ እንዲለቅ የሚያደርግ።

ባለፈው ክረምት ለውዝ የምንገዛቸው አዛውንት ዘንድ ስንደርስ እንደ ወትሮው «ሻይ ጠጡ» አላሉንም። በቀጥታ ወደ ማሳቸው ዳር ወሰዱን። መኪናችን ሁልጊዜ ከሚቆምበት ቦታ ተነስቶ ቅንጨው ለውዙ ውስጥ ገብቷል። ለአራሚ የቀን ሠራተኛ ሁለት ጊዜ ከፍለው ገንዘባቸው አልቋል።

«ልጆቼ፣ ይሄ ከሰማይ አልወረደም» አሉን።

ያኔ ገባን። ስንመለስ ባዶ ጆንያ የምናራግፈው እዚያው ነበር። ከፍየል ጭነት የተረፈውን ድርቆሽና የመኪናውን ጥራጊ የምንጥለውም እዚያው ነበር። ለስንት ዓመት!

አዛውንቱ ከቤት የይዞታ ደብተራቸውን አመጡ። መሬታቸው ተለክቶ ድንበሩ በካርታ ተሠምሯል። የግብርና ባለሙያው ምክር የሚሰጠው፣ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያም የሚታሰበው ለዚህ ማሳ ነው። «መኪናችሁ የሚቆምበት ቦታስ በማን ደብተር ላይ ነው?» ሲሉ ጠየቁን። መልስ አልነበረንም። የመንገድ ዳር የማንም አይደለም፤ ማንም አያርመውም። አረሙ የሚገባውም በዚያ በር ነው።

አንድ የቅንጨ ተክል እስከ 25,000 ዘር ሊሰጥ ይችላል። ዘሩ ደቃቅ ነው፤ ጎማ ላይ ካለ ጭቃ፣ ከጆንያ ስፌትና ከድርቆሽ ጋር ይጓዛል፤ አፈር ውስጥም ዓመታት ይቆያል። ላም ከበላችው ወተቷ ይመራል። የሰው ቆዳ ያሳክካል፣ ትንፋሽም ያውካል። መንግሥት ዝም አላለም፤ በ2008 ዓ.ም. ቅጠሉን የሚበላ ጥንዚዛ ከውጭ መጥቶ፣ ተፈትኖ፣ ወለንጪቲ አካባቢ ተለቋል። ነገር ግን ጥንዚዛው ብቻውን አይችለውም፤ እኛ በየጉዞው አዲስ ዘር የምንዘራ ከሆነማ ምን ያድርግ?

በዚያ ቀን ጭነቱን ትተን ፌስታል በእጃችን ጠቅልለን የመንገዱን ዳር ስንነቅል ዋልን። ከመካከላችን አንዱ ክንዱን ሳምንት ሙሉ ሲያክ ከረመ። አዛውንቱ ያን ዓመት የሸጡልን ከወትሮው ግማሹን ነው። ዋጋ አልጨመሩብንም፤ እሱ ነው ይበልጥ ያሳፈረን።

አሁን እንዲህ እናደርጋለን። ከመነሳታችን በፊት ጆንያና የመኪና ወለል እዚያው ባራገፍንበት ቦታ እናጸዳለን፤ ጥራጊውን እናቃጥላለን። ድርቆሽ ስንገዛ ፈትተን እናያለን፤ ነጭ አበባ ካለበት አንጭንም። በምንቆምበት ቦታ ቅንጨ ካየን ከማበቡ በፊት፣ እጃችንን ሸፍነን፣ ከነሥሩ እንነቅላለን። ሥራው ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም።

ወንድሞችና እህቶች፣ የገበሬው ድንበር በካርታው ላይ አለ። የእኛ ማቆሚያ ግን የለም። ስለዚህ ያቺን መሬት የእኛ እንበላት። ለውዙ ከጠፋ እኛም ምን ጭነን እንሄዳለን?