ይቺ ነገር ካሜራ አላት?

(«እኛ» ስንል ብዙ እንዳንመስላችሁ፤ አንድ ነን። ጋዜጠኝነት ስንማር «እኔ፣ እኔ አትበሉ» ስንባል ከረምንና ይኸው ተመርቀንም አልለቀቀንም።)

ሰሞኑን አንድ መሥሪያ ቤት በር ላይ የገጠመንን እናውጋችሁ። የመሥሪያ ቤቱን ስም አንጠራም፤ ነገም ተመልሰን መግባት እንፈልጋለን። ከአንድ ኃላፊ ጋር ቃለ መጠይቅ ነበረን። ሦስት ሳምንት ደጅ ጠንተን ያገኘናት የ20 ደቂቃ ቀጠሮ ናት። ታዲያ እዚያ ግቢ ስልክ ይዞ መግባት አይቻልም፤ ካሜራ አለዋ! በሩ ላይ ይቀበሏችሁና ቁጥር የተጻፈባት ቁራጭ ካርቶን ይሰጧችኋል፤ ስትወጡ በካርቶኗ ትረከባላችሁ። እኛም ይህንን ስለምናውቅ ብልጥ ሆነን ሄድን። ድምፅ ለመቅዳት ብለን የያዝነው ስልካችንን ሳይሆን ከመሳቢያ ሥር ያወጣናትን አሮጌ አይፖድ ነበር። ዘፈን ማጫወቻ ናት። ድምፅም ትቀዳለች። እሷን ደግሞ ማን ይጠረጥራታል?

ፈታሹ በዕድሜ ገፋ ያሉ ሰው ናቸው። ቦርሳችንን ከፈቱና በሁለት ጣት ብድግ አደረጓት።

«ይቺ ምንድን ናት የኔ ልጅ?»

«ዘፈን መስሚያ ናት አባባ።»

«ካሜራ አላት?»

«ኧረ የላትም! ዘፈን ብቻ ናት።»

ውሸታችንን አልነበረም፤ ረስተነው ነው። ሰውየው ግን አልቸኮሉም። አገላበጧት፣ ጀርባዋን ወደ ፀሐይ አዞሩት፣ ከታች ጥጓ ላይ ያለችውን ምስር የምታክል መስታወት በጥፍራቸው ነካ አደረጓት።

«እና ይቺ ዓይኗ አይደለችም?»

ምን ይባላል? ከኋላችን የተሰለፈው ሰው ይስቃል። አይፖዳችን ከስልካችን ጎን ተቀመጠች፤ እኛም በእስክሪብቶና በደብተር ገባን። ኃላፊው ደግሞ የዚያን ዕለት አፋቸው ተፈቶላቸው ነበር። ቁጥር ነገሩን፣ ወር ጠቅሰው ቃል ገቡ፣ እኛም እጃችን እስኪዝል ጻፍን። ጽሑፉ ሊወጣ አንድ ቀን ሲቀረው አዘጋጃችን ደውለው ሲያጣሩ «እኔ እንደዚያ አላልኩም» አሉ። አዘጋጁ ወደኛ ዞረው የጠየቁን አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ «ድምፁ አለሽ?» የለንም። ጽሑፉ ቀረ። ያ ሁሉ ደጅ ጥናት ምስር በምታክል መስታወት ምክንያት ገደል ገባ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ከጭንቅላታችን አልወጣም። ለመሆኑ ዘፈን ማጫወቻ ካሜራ ምን ያደርግለታል? ማን ነው «ይኑራት» ያለው?

ትንሽ ወደ ኋላ እንመለስ። አፕል የመጀመሪያዋን አይፖድ ያወጣው እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2001 ነው። 5 ጊጋባይት፣ 1,000 ዘፈን፣ 399 ዶላር። ሥራዋ አንድ ነበር፤ ታዘፍናለች። ከስምንት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 9 ቀን 2009፣ ስቲቭ ጆብስ ጉበት ተቀይሮለት ብዙ ወር ከመድረክ ከራቀ በኋላ ብቅ ያለበት ዝግጅት ላይ አምስተኛዋ አይፖድ ናኖ መጣች። የኛዋ ማለት ናት። ኤፍ ኤም ራዲዮ ተጨመረላት፣ እርምጃ መቁጠሪያ ተጨመረላት፣ ድምፅ ማጉያ ተጨመረላት፣ ይቺ መዘዘኛ ዓይንም ተጨመረችላት። ባለ 8 ጊጋባይቷ 149 ዶላር ነበረች።

የዚያን ጊዜ አሜሪካኖቹ ኪስ ውስጥ የምትገባ «ፍሊፕ» የምትባል የቪዲዮ ካሜራ ላይ አብደው ነበር። ሲስኮ የሚባለው ግዙፍ ኩባንያ የፍሊፕን ባለቤት በዚያው በ2009 በ590 ሚሊዮን ዶላር ገዝቶታል። አፕልም «እንግዲያውስ እኛ ካሜራውን በዘፈን ማጫወቻ ላይ መርቀን እንሰጣችኋለን» አለ። (የፍሊፕን መጨረሻ ካነሳን አይቀር፣ ሲስኮ በኤፕሪል 2011 ዘጋው። 590 ሚሊዮን ዶላር! እኛ በአንድ ጽሑፍ ስናለቅስ።)

የሚገርመው ናኖዋ ቪዲዮ እንጂ ፎቶ አታነሳም። ውፍረቷ 6.2 ሚሊ ሜትር ነው፤ ደህና ፎቶ የሚያነሳ ካሜራ እዚያ ውስጥ አይገባም ነበር። ይልቅስ ሰውን እንደ ሮቦት፣ እንደ ራጅ፣ እንደ ተጣመመ መስታወት የሚያሳዩ 15 ዓይነት ማስጌጫዎች ተሰጥተዋታል። ዋናው ቀልድ ደግሞ ዓይኗ ያለችበት ቦታ ነው። ከኋላ፣ ከታች፣ ጥግ ላይ። ማለትም ማንም ጤነኛ ሰው ናኖ ሲይዝ ጣቱ የሚያርፍበት ቦታ ላይ! ስለዚህ በናኖ የተቀረጸ ቪዲዮ ሁሉ ግማሹ ጣት ነው።

ባለቤቶቹም ነገሩ ሳይቆጫቸው አልቀረም። በዓመቱ በ2010 ናኖ አራት ማዕዘን ሆና ስትመጣ ካሜራዋ የለም። ያው ዓመት ግን ለአይፖድ ተች ከፊትም ከኋላም ካሜራ ገጠሙላት። በ2013 ደግሞ የኋላ ካሜራ የሌላትን ተች በ229 ዶላር አወጡ፤ ዓመት ቆይተው በ2014 ካሜራውን መልሰው ዋጋውን ወደ 199 አወረዱ። ቆይ እንጂ፣ ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም? ራሳቸው ሰሪዎቹም የቆረጠላቸው አይመስልም። ናኖ በ2017 ተቋረጠች፣ ተችም በሜይ 2022 ሸኟት። ዘፈን ማጫወቻን ለብቻው የሚሠሩት ግን ዛሬም አሉ። ሶኒ በ2023 ያወጣት ኤንደብሊው-ኤ306 የምትባል ዎክማን አንድሮይድ አላት፣ ዋይፋይ አላት፣ ካሜራ ግን የላትም።

እኛም ከበሩ መልስ አቋማችንን ይዘን ነበር፤ አይኑራት!

እንዲህ የምንለው ቀጠሯችን ስለተበላሸብን ብቻ አይደለም (እሱም አለበት)። ጆሮ ማዳመጫ የሰካ ሰው እኮ ለሌላው ሰው አንድ ነገር እየተናገረ ነው፤ «እዚህ ነኝ፣ ግን ካንተ ጋር ጉዳይ የለኝም» እያለ ነው። ከመገናኛ ፒያሳ ታክሲ ውስጥ ጆሯችንን ደፍነን ስንሄድ ከዓለሙ ወጥተናል። ካሜራ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ሥራው ሌላውን ሰው ማየት ነው። ሁለቱን አንድ ዕቃ ላይ ስታዋህዷቸው ዘፈን የሚሰማ የሚመስል፣ ግን የሚያይ ሰው ይመጣል።

ሴቶች አንባቢዎቻችን ይህንን አናስረዳችሁም፤ ታውቁታላችሁ። ታክሲ ውስጥ ፊት ለፊታችን የተቀመጠ ልጅ ጆሮ ማዳመጫ ሰክቶ፣ ስልኩን ደረቱ ላይ አቁሞ፣ የስልኩ ጀርባ ወደኛ ዞሯል። ዘፈን እየመረጠ ነው? እየቀረጸን ነው? ብንጠይቀው «ምን አባሽ አስበሽ ነው? ዘፈን ነው!» ይለናል፤ ተሳፋሪው ሁሉ ይስቅብናል። ዝም እንላለን፣ ቀሚሳችንን እንጎትታለን፣ ወራጅ አለ ብለን አንድ ፌርማታ ቀድመን እንወርዳለን። ይህንን በሕይወታችን ስንት ጊዜ እንዳደረግነው ቆጥረነው አናውቅም። ስልክማ አንዴ አምልጧል፤ ካሜራ የሌለው ስልክ ፈልጋችሁ እስቲ አግኙ። ቢያንስ ግን ዘፈን ማጫወቻ ዘፈን ማጫወቻ ሆኖ ይቅር። ፈታሹ አባባ የጠየቁት ጥያቄ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። «ካሜራ አላት?» ሲባል «የላትም» ብሎ የሚታመን አንድ ዕቃ እንኳ ይኑረን እንጂ!

እዚህ ላይ ብናቆም ጥሩ ነበር። ጽሑፉ አልቋል፣ አቋሙም የማያሻማ ነው። ግን ያን ዕለት ማታ ቤት ገብተን ናኖዋን ቻርጅ አደረግናትና፣ እስቲ በዚች ዓይኗ ምን አይታ ይሆን ብለን የቪዲዮ ማኅደሯን ከፈትነው።

ናኖዋ ወደ ቤታችን የመጣችው በ2002 ዓ.ም. ለገና ነው፤ አክስታችን ከሜሪላንድ ለወንድማችን ይዛለት መጣች። እኛ ያኔ አሥር ዓመታችን ነው፣ እንድንነካት አይፈቀድልንም። እናታችን የያዘችው ኖኪያ ካሜራ አልነበረውም። ቤታችን ካሜራ የሚባል ነገር ገብቶ አያውቅም፤ ፎቶ ማለት በዓመት አንዴ ተለብሶ ፎቶ ቤት የሚኬድበት ጉዳይ ነው፣ ቪዲዮ ማለት ደግሞ ሰርግ ነው። ወንድማችን የወደደው ራዲዮኗን ነበር፤ ካሜራዋን ከሁለት ሳምንት በኋላ ረሳት።

ማኅደሩ ውስጥ አራት ቪዲዮ አለ። አንደኛው የግቢያችን አጥር። ሁለተኛው ወንድማችን ራሱን እንደ ሮቦት ሲቀርጽ። ሦስተኛው ጨለማ ነው፤ የሆነ ሰው ይስቃል። አራተኛው 38 ሰከንድ ነው። እማማ።

እማማ የእናታችን እናት ናት። ያረፈችው በ2005 ዓ.ም. ነው። የቀሯት ፎቶዎች ሦስት ናቸው፤ በሦስቱም ነጠላዋን አጣፍታ፣ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ሞት የተፈረደባት ይመስል ካሜራውን ቀጥ ብላ ታያለች። እዚህ ላይ ግን ምድጃ አጠገብ ናት። ሻሿን አውልቃለች፣ ፀጉሯ አልተሠራም፣ ቡና ትቆላለች። ስለ ከሰል ታማርራለች፤ ሻጩ ከሥር እርጥቡን፣ ከላይ ደረቁን እንደሞላባት። እየተናገረች በመቁያው ታሳየናለች፤ ቡናው ይንቋቋል። ከዚያ ቀና ትልና፣

«ምንድን ነው እሱ የያዝሽው?»

«ዘፈን ነው እማማ።»

የኛ ድምፅ ነው። ቀጭን። ከምስሉ ግርጌም ያች ጣት አለች፤ ቀይ፣ የእስክሪብቶ ቀለም የነካት፣ ሩቡን ምስል የሸፈነች። የኛ ጣት ናት።

«ታዲያ አይሰማማ!» ትላለች እማማ፣ ትስቃለች፣ እዚያ ላይ ያልቃል።

ቆይቶ ነው ትዝ ያለን። ቪዲዮውን ያን ጊዜ ወንድማችን አሳይቷት ነበር። አልሳቀችም። «ፀጉሬን ገልጬ? በዚህ ልብስ?» አለች። «አጥፋው» አለችው። ቀልድ አልነበረም፤ ለሁለት ቀን አኮረፈችን። ካሜራ መሆኑን ብናውቅ ኖሮ ሻሿን ታስር ነበር፣ ነጠላዋን ታጣፋ ነበር፣ እጇን ጉልበቷ ላይ ታደርግ ነበር። አራተኛ ፎቶ ይሆን ነበር። እማማን እማማ አድርጎ ያስቀረልን ዘፈን ነው ብለን መዋሸታችን ነው። ታክሲ ውስጥ የሚያስወርደን ውሸት፣ ያው ራሱ።

ክርክራችን እዚህ ላይ ያነክሳል። ካሜራ የሌላት ናኖ ብትመጣልን ኖሮ ይህ 38 ሰከንድ የለም፤ የእማማን ድምፅ ዛሬ ከየት እናመጣው ነበር? አሁንም ግን ተጠይቀን «ይኑራት ወይስ አይኑራት» ብንባል አይኑራት ነው የምንለው። የምንለው ግን ቪዲዮውን ሰባት ጊዜ ካየነው በኋላ ነው። እንግዲህ ታዘቡን።

ለወንድማችን ደወልን።

«አጥፍቼዋለሁ ብለሃት አልነበር?»

ዝም አለ። «ብያታለሁ» አለ። ከዚያ «አንቺ ደግሞ ምን አስከፈተሽ?» አለን። ከዚያ ትንሽ ቆይቶ፣ «ላኪልኝ እስቲ።»

ላክንለት። የናኖዋ ባትሪ አሁን አሁን ሁለት ሰዓት አይሞላም፤ ቪዲዮውን ሁለት ቦታ ገልብጠነዋል። እናታችን ስለ ቪዲዮው አታውቅም። ቅዳሜ እሷ ቤት ቡና አለ፤ ናኖዋና ገመዷ ቦርሳችን ውስጥ ናቸው።