አንድ መስመር ብቻ

ፈጣኑ የወባ መመርመሪያ ጣት የምታክል ነጭ ፕላስቲክ ናት። ከጣት ጫፍ አንድ ጠብታ ደም፣ ጥቂት ጠብታ ፈሳሽ፣ ከዚያ ሩብ ሰዓት ያህል መጠበቅ። አንደኛዋ መስመር ሁሌም ትወጣለች፤ መመርመሪያዋ መሥራቷን ብቻ ነው የምትናገረው። ከጎኗ ሌላ መስመር ከወጣ ወባ አለ፤ ካልወጣ የለም። መብራት አይፈልግ፣ ማይክሮስኮፕ አይፈልግ። ከከተማ በራቀ ጤና ኬላ አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ብቻዋን መርምራ ኮአርተም መስጠት የቻለችው በዚህች ፕላስቲክ ነው። እኔ ከቴክኖሎጂ ሁሉ የምወደው እንዲህ ዓይነቱን ነው፤ ርካሽ፣ ቀላል፣ ሰው ያለበት ድረስ የሚሄድ።

ችግሩ ምንድን ነው፣ መመርመሪያዋ ወባን ራሱን አታይም። በአፍሪካ በብዛት የምንጠቀምባቸው የሚፈልጉት ኤች አር ፒ 2 የሚባል አንድ ፕሮቲን ነው። ፋልሲፓረም የተባለው ገዳይ የወባ ተውሳክ ይህን ፕሮቲን እያመረተ ደም ውስጥ ይለቀዋል። ፕሮቲኑ ካለ መስመሯ ትወጣለች። ተውሳኩ ኖሮ ፕሮቲኑ ባይኖርስ?

በሶፍትዌር ሥራ ከዚህ ጥያቄ ጋር ነው የምንውለው። ሰርቨር የሚከታተል ፕሮግራም እንጽፋለን፤ ፕሮግራሙ የተነገረውን አንድ ነገር ይጠይቃል፤ መልሱ እስከመጣ ድረስ ዳሽቦርዱ አረንጓዴ ነው። አረንጓዴ ማለት ግን ሁሉም ደህና ነው ማለት አይደለም። የጠየቅነው ነገር ደህና ነው ማለት ነው፣ በቃ። እኛ ቤት ይሄን ልዩነት የረሳ ሰው የሚያተርፈው የተቆጣ ደንበኛ ነው። ወባ ላይ ግን ሰው ይሞታል።

የአክስቴ ልጅ አንድ ክረምት ማብቂያ ላይ ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርዶ ታመመ። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ራስ ምታት፤ ቆላ የሠራ ሰው ሁሉ ሳይነገረው ስሙን የሚያውቀው ሕመም። ተመረመረ፤ ኔጌቲቭ ተባለ። ማስታገሻ ይዞ ወደ እርሻው ተመለሰ። በአራተኛው ቀን ጓደኞቹ ደግፈው ሌላ ቦታ ወሰዱት፤ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ፋልሲፓረም ሆኖ ተገኘ። እግዜር ይመስገን፣ ዳነ። የመጀመሪያው ምርመራ ለምን እንደሳተው ግን የጠየቀ የለም። ምክንያቱ ብዙ ሊሆን ይችላል፤ አንድ በሽተኛ አይቶም ማንም መልስ አይሰጥም። ለመመለስ የሺዎች ደም ያስፈልጋል።

ያንን ሥራ የሠሩ አሉ። የኢትዮጵያ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው፣ አገራችን ከኤርትራ፣ ከሱዳንና ከደቡብ ሱዳን በምትዋሰንባቸው አካባቢዎች 12,572 ሰዎችን ያካተተ ጥናት አደረጉ፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2021 ታተመ። ፕሮቲኑን የሚያሠራው ጂን የሌላቸው ተውሳኮች መኖራቸው ያኔም አዲስ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2010 ከፔሩ አማዞን ተዘግቧል፤ ኋላም ኤርትራ በዚሁ ምክንያት መመርመሪያዋን እስከ መቀየር ደርሳለች። ጥያቄው እኛ ጋ ምን ያህል አለ፣ ከየትስ መጣ የሚል ነበር።

የሌለን ነገር መፈለግ ከባድ ነው። የፋልሲፓረም ጂኖም በ14 ክሮሞዞሞች የተከፋፈለ፣ 23 ሚሊዮን ያህል ፊደል ያለው ጽሑፍ ነው። ከደረቀ የደም ጠብታ ላይ ሲነበብ አንድ ጂን ባይታይ፣ ጂኑ ስለጠፋ ነው ወይስ ናሙናው ደካማ ስለሆነ? ባዶ ሳጥን እና ያልተከፈተ ሳጥን አንድ አይደሉም። ስለዚህ በዚያው ናሙና ሌሎቹ ጂኖች በደንብ መነበባቸው አስቀድሞ መረጋገጥ አለበት። ይሄን ሳነብ እነዚህ ሰዎች የኔ ሙያ ሰዎች ናቸው አልኩ።

ቀጥሎ የተቆረጠበትን ቦታ ማየት ነው። ፈተና ያረመ መምህር ይሄን ነገር ያውቀዋል። ሁለት ተማሪዎች አንድ ዓይነት ትክክለኛ መልስ ቢጽፉ ምንም አይደለም፤ አንድ ዓይነት እንግዳ ስህተት ከጻፉ ግን ኩረጃ ነው። ክሮሞዞሙ የተቆረጠበት ቦታም እንደዚያ እንግዳ ስህተት ነው። ኤች አር ፒ 2 መመርመሪያዋን ሊያታልል የሚችል ተመሳሳይ ወንድም አለው፤ ኤች አር ፒ 3 ይባላል። ይሄኛው የጠፋበት መንገድ ብዙ ዓይነት ነው፤ በየቦታው ለየብቻው፣ ከቆየ ጊዜ ጀምሮ። የኤች አር ፒ 2 ግን በተጠኑት አካባቢዎች ሁሉ አንድ ዓይነት ቁርጥ ነበረው። አንድ ቦታ ተፈጥሮ በቅርብ ጊዜ የተስፋፋ ነው ማለት ነው።

ለምን ተስፋፋ? ተመራማሪዎቹ ያቀረቡት ማብራሪያ ቀላል ነው፤ ቀላልነቱ ነው የሚያስፈራው። ጂኑን የያዘ ተውሳክ ምርመራ ላይ ይያዛል፤ ታማሚው መድኃኒት ይወስዳል፤ ተውሳኩ ይሞታል። ጂኑን የጣለው ኔጌቲቭ ተብሎ ከታማሚው ጋር ቤቱ ይገባል፤ ማታ የነከሰችው ትንኝ ወደ ጎረቤት ታሻግረዋለች። ተውሳኩ አስቦ አልተደበቀም። እኛ በየጤና ኬላው የሚታየውን እየለቀምን ስንገድል የማይታየው ቀረ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። እዚህ ግን በሽተኛው ምንም አልደበቀም፤ ጣቱን ተወግቶ ደሙን ሰጥቷል።

በጥናቱ ግምት፣ በጂኑ መጥፋት ብቻ ኤች አር ፒ 2ን የሚፈልግ መመርመሪያ ከፋልሲፓረም ታማሚዎች 9.7 በመቶውን ይስታል። የዓለም ጤና ድርጅት መመርመሪያ ይቀየር የሚለው ከ5 በመቶ ሲያልፍ ነው። በ2023 ደግሞ በዚያው ጥናት ከተሰበሰቡ ናሙናዎች የ609 ታማሚዎች ተውሳክ ሲነበብ፣ 8 በመቶው ኮአርተም ውስጥ ያለውን አርቴሚሲኒን በከፊል ከመቋቋም ጋር የተያያዘ 622አይ የተባለ ለውጥ ተገኘበት። ከነዚህ ውስጥ 8.2 በመቶው ጂኖቹንም የጣሉ ናቸው። ምርመራው የማያየው፣ ቢያየውም መድኃኒቱ የሚቸገርበት ተውሳክ ማለት ነው። ቁጥሩ ገና ትንሽ ነው። ትንሽ ሳለ ማወቃችን ነው ትልቁ ነገር፤ ያሳወቀንም ጂኖሙን ማንበባችን ነው።

አንዳንድ ሰው ጂኖም ማንበብ ለሀብታም አገር ቅንጦት ይመስለዋል። እኔ ግን መመርመሪያዋን የሚመረምር ነገር አድርጌ ነው የማየው። ርካሿን ፕላስቲክ በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው ላይ ስንተማመንባት፣ አልፎ አልፎ ከጀርባዋ ሄዶ "ዛሬም የምታይው እውነት ነው?" የሚል ሊኖር ይገባል። ያ ጠያቂ ከሌለ በየጤና ኬላው የሚወጣው ነጠላ መስመር አገር ሙሉ አረንጓዴ ዳሽቦርድ ይሆናል።

ሌላ ዓይነት መመርመሪያ አለ፤ ኤል ዲ ኤች የተባለውን ኢንዛይም የሚፈልግ። እስካሁን ያሉት ደም ውስጥ ያለው ተውሳክ ጥቂት ሲሆን የመሳት ችግር አለባቸው፤ መሻሻል ይቀራቸዋል። ነገር ግን ተውሳኩ ስኳር አቃጥሎ የሚኖረው በዚያ ኢንዛይም ነው። ኤች አር ፒ 2ን ጥሎ መኖር ችሏል፤ ይሄንን ግን ከጣለ ራሱም አይተርፍም። ጥያቄያችን መሆን ያለበትም እንዲህ ዓይነቱ ነው፤ ተውሳኩ ሳይሞት ሊሸሸው የማይችለው።